የበሩ ዳር ኮምፒውተር፦ ስምንት ተጫዋች ያንቀራፈፈው የፒያሳ ጌም ቤት ጉዳይ

ፒያሳ ውስጥ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት አለች። ያላት ስምንት ኮምፒውተር ብቻ ነው። አራቱ በግራ ግድግዳ፣ አራቱ በቀኝ። ብዙው የከተማችን ጌም ቤት የሚተዳደረው በፕሌይስቴሽንና በኳስ ጨዋታ ነው። ይህችኛዋ ግን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለትን የሚወዱ ልጆች መሰባሰቢያ ናት። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ለአራት ተከፍለው ይገጥማሉ። አንዱ ግጥሚያ አንዳንዴ ከሁለት ሰዓት ያልፋል።

ባለቤቷ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ እናት ናቸው። ቤቱን የከፈተው ልጃቸው ነበር። እሱ ውጭ ሲሄድ ሥራውን እሳቸው ተረከቡ። ሁሉም "ማዘር" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። የጨዋታውን ሕግ ባያውቁትም የልጆቹን ፊት አይተው ማን እየተሸነፈ እንደሆነ ይናገራሉ።

ችግሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ ጨዋታው መንቀራፈፍ ይጀምራል። የሚጋልበው ፈረስ እግሩን ለማንሳት ይቸገራል። የተተኮሰ ቀስት አየር ላይ ይንጠለጠላል። ደግሞ የአንድ ሰው ስክሪን ብቻ አይደለም። ስምንቱም እኩል ነው የሚንቀራፈፉት።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፦ "ኔትወርክ ነው።" ማዘር ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ዕቃ፣ አዲስ ስዊች፣ ገዙ። ኬብሎቹ በሙሉ ተቀየሩ። የኢንተርኔቱ ፓኬጅም ከፍ ተደረገ። ለውጥ የለም። ልጆቹ ተሰላችተው መቅረት ጀመሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ስምንቱም ወንበር ሞልቶ ተራ የሚጠበቅበት ቤት ሦስትና አራት ሰው ብቻ የሚታይበት ሆነ።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ችግሩ የዚህች ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። የተንቀራፈፈ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው የሚለው ፍርድ በየቢሮውና በየጌም ቤቱ ገንዘብ ያስወጣል። እንደ ማዘር ላለ ሰው አንድ ስዊች ቀላል ወጪ አይደለም።

ስለ ጨዋታው ትንሽ

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ተራ በተራ የሚጫወቱት አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዛል፤ ሰዓቱ ለማንም አይቆምም። በጥቂት ሠራተኞች ትጀምራለህ። በግ ታርዳለህ፣ እንጨት ትቆርጣለህ፣ ወርቅና ድንጋይ ታወጣለህ። በአራት ዘመን ውስጥ ከጎጆ ተነስተህ ከተማ፣ ግንብና ሠራዊት ታቆማለህ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያወጣው የአሜሪካው ኤንሴምብል ስቱዲዮስ ነው፤ ዘመኑ 1997 እ.ኤ.አ.። ሁለተኛው በ1999 ወጣ። የእኛ ልጆች የሚጫወቱት በ2019 ታድሶ የቀረበውን ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን ነው።

ኢትዮጵያውያን ጨዋታው ውስጥ የገቡት በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከማሊዎች፣ ከበርበሮችና ከፖርቱጋሎች ጋር፣ "ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ" በተባለው ተጨማሪ ክፍል መጡ። የዮዲትን ታሪክ የሚተርክ ዘመቻም አብሮ ገብቷል። ቀስተኞቻችን ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ። ከዘመን ወደ ዘመን በተሻገርክ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ይሰጥሃል። ከሁሉም በላይ ግን ወታደሮቹና ሠራተኞቹ የሚመልሱልህ በአማርኛ ነው። ከጆሮ ማዳመጫ ውጭ ሆነህ እንኳ ከየአቅጣጫው ትሰማዋለህ። ቤቱ ውስጥ ከስምንት ተጫዋች ብዙውን ጊዜ አምስትና ስድስቱ ኢትዮጵያውያንን የሚመርጡት ለዚህ ነው። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ። በዓለም ዙሪያ ያለ ሰው አንድ ሠራተኛ እንጨት እንዲቆርጥለት አዝዞ አማርኛ ይሰማል።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያውያን ልዩ ተዋጊ ባለ ሾተሉ ነው። ካስል ከሚባለው ግንብ የሚወጣው በጣም ቶሎ ነው። ብዙ ሰው ኢትዮጵያውያንን ሲመርጥ ሜዳው በአጭር ጊዜ በሰው ይጥለቀለቃል። ልጆቹ የሚወዱት ካርታ ደግሞ ብላክ ፎረስት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ በመሃሉ ጠባብ መተላለፊያ። ያ ሁሉ ሰው በዚያች መተላለፊያ ልለፍ ሲል ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ መንገድ ማስላት አለበት። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ለፕሮሰሰር ከባድ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ይኸው መንገድ ፍለጋ ነው።

ስምንት ኮምፒውተር፣ አንድ ጦርነት

ነገሩን ለመረዳት ጨዋታው በስምንት ኮምፒውተር ላይ እንዴት አንድ እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ሰው የሚመስለው አንድ ዋና ኮምፒውተር ጦርነቱን አስልቶ ውጤቱን ለሌሎቹ የሚልክ ነው። በዚህ ጨዋታ እንዲህ አይደለም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲሠሩ ሠሪዎቹ ያሰቡት ስምንት ሰው በስልክ መስመር ሞደም እንዲጫወት ነበር። የሞደሙ ፍጥነት በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት ነው። እያንዳንዱ ወታደር የት እንዳለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ በዚያ መስመር ይላክ ቢባል፣ ቢበዛ 250 ያህል ተንቀሳቃሽ ነገር ብቻ ነበር ማስተናገድ የሚቻለው። ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጡ። በመስመሩ የሚላከው ትእዛዝ ብቻ ሆነ። "እነዚህ አርባ ቀስተኞች ወደዚያ ኮረብታ ይሂዱ" የሚለው ይላካል። የቀስተኞቹን እያንዳንዱን እርምጃ ግን ስምንቱም ኮምፒውተሮች በየራሳቸው ያሰላሉ። ስሌቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ውጤቱም አንድ ዓይነት ይሆናል። ቅንጣት ቢለያይ ኮምፒውተሮቹ አልተጣጣሙም ተብሎ ጨዋታው ይቋረጣል።

ጊዜው በትንንሽ ዙሮች የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ዲዛይን አንድ ዙር 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር። አንድ ትእዛዝ የሚፈጸመው ከተሰጠ ከሁለት ዙር በኋላ ነው። በመሃል ለሁሉም እንዲደርስ ጊዜ ያገኛል። ማንም ሰው ሌላውን ቀድሞ ወደሚቀጥለው ዙር መሄድ አይችልም። ቀድሞ ከሄደ ስሌቱ ይለያያልና። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር ዙሩን ለመጨረስ ከዘገየ ሰባቱ ይጠብቁታል። እንደ ድሮ ቅፍለት ነው፤ ጉዞው የሚለካው በደካማዋ በቅሎ እርምጃ ነው።

ይህ ዘዴ የሚደነቅ ይመስለኛል። በዚያ ቀጭን መስመር ያንን የሚያህል ጦርነት ማስኬድ የቻለው በዚህ ነው። መሠረቱም እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን ላይ ደረጃ የሚያሰጥ ግጥሚያ ውስጥ ለመግባት ኮምፒውተርህ በቅድሚያ ፈተና ይወስዳል፤ ቢያንስ 1000 ነጥብ ማምጣት አለበት። የአንዱ ድካም ለሰባቱ እንዳይተርፍ የተደረገ ጥበቃ ነው። ጓደኛሞች በራሳቸው ክፍል ሲገጥሙ ግን ይህን ፈተና የሚጠይቅ የለም።

ምርመራው

መፍትሔ ፍለጋውን የመራው ከደንበኞቹ አንዱ ነው። የአምስት ኪሎ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነው። ነገር ከሥሩ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ልጅ። እኔ ሰዓት በመያዝና በመጻፍ አገዝኩት።

በቅድሚያ ያደረገው ነገር ኔትወርኩን ከክሱ ነፃ ማውጣት ወይም ማስቀጣት ነበር። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ፒንግ አስጀመረ፤ ፒንግ መልእክት በመስመሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካል። ግጥሚያው እየተካሄደ ቁጥሮቹ በተርታ ይወርዱ ጀመር። ጨዋታው ሲንቀራፈፍ የፒንጉ ቁጥር ምንም አላለም። ያው እንደነበረው ቀጠለ።

ቀጥሎ ያደረገው ለእኔ የምርመራው ዋና ነገር ነው። ከማንም ዕቃ መግዛት አይፈልግም፤ ስልክ ብቻ ይበቃል። ጨዋታው የራሱ ሰዓት አለው። ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን በመደበኛው ፍጥነት ሲሄድ የጨዋታው ሰዓት ከእኛ ሰዓት 1.7 እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ በስልክህ አንድ ደቂቃ ስትቆጥር የጨዋታው ሰዓት 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ መሄድ አለበት። ግጥሚያው እንደተጀመረ ስንለካ ልክ ነበር። ሜዳው ከሞላ በኋላ ስንለካ ግን የጨዋታው ሰዓት ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አላለፈም።

ይህ ምን ይነግረናል? መስመሩ ብቻ ቢዘገይ ኖሮ የሚዘገየው ትእዛዙ ነው። ወታደሩን ሂድ ትለዋለህ፤ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፤ ከተነሳ በኋላ ግን በደንብ ይሄዳል። ሰው ለዚህ ዓይነቱ መዘግየት ታጋሽ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሲፈትኑ እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ የሚደርሰውን ብዙ ሰው ጨርሶ እንደማያስተውለው አይተዋል። እኛ ቤት የሆነው ግን ሌላ ነው። የዘገየው ጊዜው ራሱ ነው። የጨዋታው ጊዜ ሲዘገይ ደግሞ ዙሩን መጨረስ ያቃተው ኮምፒውተር አለ ማለት ነው።

የቱ? ሁሉም ስክሪን እኩል ስለሚንቀራፈፍ በዓይን አይለይም። እዚህ ላይ ልጁ ጥሩ ነገር አሰበ። ጨዋታው ያለፈውን ግጥሚያ ቀድቶ ያስቀምጣል። የሚቀዳውም ምስሉ ሳይሆን ትእዛዞቹ ናቸው። መልሰህ ስታየው ኮምፒውተርህ ጦርነቱን ከአንድ ጀምሮ እንደገና ያሰላዋል። ስለዚህ የተንቀራፈፈውን የቅዳሜ ግጥሚያ ፋይል በፍላሽ ወስዶ በስምንቱም ላይ ለየብቻ ቢያጫውተው፣ ለሁሉም እኩል ሸክም አሸከማቸው ማለት ነው። ደካማው መታወቅ አለበት።

ሰኞ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት አደረገው። ጊዜ ለመቆጠብ የግጥሚያውን መጀመሪያ በፍጥነት እያሳለፈ፣ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ጦርነት ብቻ በየኮምፒውተሩ ጥቂት ደቂቃ አየ። ስምንቱም አለፉ። በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው አሮጌ ነው፤ እሱም ትንሽ ቢቸገር እንጂ አለፈ።

ለጥቂት ቀን ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። አንዳንዱ "በቃ ጌሙ ራሱ ነው" አለ። ሌላው ተመልሶ ኢንተርኔቱን ማማት ጀመረ።

መንገዱን ያሳዩት ማዘር ናቸው። ጀበናቸውን ከሰል ላይ እያደላደሉ ክርክሩን ሲሰሙ ቆዩና፣ "ለመሆኑ በሩ ጋ ያለው ወንበር ላይ ልጆቹ ለምንድን ነው መቀመጥ የማይፈልጉት?" አሉ።

ተማሪው፣ "አቧራና ጫጫታ ስላለ ይሆናል ማዘር" አላቸው።

"አይደለም ልጄ። እግራችን ተቃጠለ ይላሉ። እኔ እኮ በር ዳር ስለሆነ ይበርዳቸዋል ብዬ ነበር የማስበው።"

ልጁ ተነስቶ ሄዶ ከጠረጴዛው ሥር እጁን ከኮምፒውተሩ ኋላ አደረገ። ግጥሚያ ካለቀ ገና ብዙ አልቆየም። እጁን ቶሎ ነው የመለሰው።

የሰኞው ፈተና ለምን እንዳሳለፈው ያኔ ገባን። ጠዋት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሮጠውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሠራል። ሁለት ነገር አብሮ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ሜዳው በሰው የሚሞላውና ኮምፒውተሩ የሚግለው በአንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው የወታደሩን ብዛት ብቻ ነበር የሚያየው።

ለማረጋገጥ ያንኑ ፋይል እንደገና አጫወተው። አሁን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከጎን ከፍቶ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ላይ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ተጠጋ። ከዚያ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በራሱ ጊዜ ወረደ። ይህ ብልሽት አይደለም። ፕሮሰሰር እንዳይቃጠል ራሱን የሚከላከለው ፍጥነቱን በመቀነስ ነው። ሌሎቹን ሰባቱን እንደዚሁ ረጅም ሰዓት አስኬዳቸው። ሞቁ እንጂ አንዳቸውም ፍጥነት አልቀነሱም።

ሲከፈት የታየው

የጎኑን ክዳን ሲፈታ እኔም አጠገቡ ነበርኩ። የፕሮሰሰሩ ፋን ይዞራል፤ ድምፁም ይሰማል። ከፋኑ ሥር ያሉት ቀጫጭን የብረት ክንፎች ግን አይታዩም ነበር። ግራጫ፣ እንደ ቡሉኮ የተነባበረ አቧራ ሸፍኗቸዋል። ጣቱን ሲሰድ አቧራው ሳይበተን በአንድ ቁራጭ ተነሳ። ፋኑ የሚነፋው አየር ወደ ብረቱ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አቧራው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም። በዚያ ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አራት ኪሎን ይዞ ነበር። ቤቶች ይፈርሳሉ፣ መንገድ ይቆፈራል፣ አሸዋ ይገለበጣል። ይህ ኮምፒውተር በር ዳር ነው፤ ደግሞ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። መንገድ ላይ የሚነሳውን ሁሉ በቅድሚያ የሚስበው እሱ ነው። የውስጠኞቹ ኮምፒውተሮች ውስጥም አቧራ ነበረ፤ ያን ያህል ግን አይደለም። ችግሩ ፋሲካ ሰሞን ለምን እንደጀመረም በዚህ ይታወቃል።

ማዘር አዩና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "ለስዊቹ ያወጣሁት ብር ነው ያናደደኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። አንድም ሰው ክዳኑን ሳይከፍት ነው ሦስት ነገር የተገዛው።

የተደረገው

ጽዳቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ኮምፒውተሩ ከቤት ውጭ ወጣ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ በብሎወር ተነፋ። ፋን በብሎወር ኃይል እንዲሽከረከር መተው አይገባም፤ ሊበላሽ ይችላል። ክንፎቹ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ተጠረጉ። የደረቀው ፔስት በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ተቀባ። ከወጪው ሁሉ ትልቁ የፔስቷ ቱቦ ነበረች፤ እሷም ከአዲሱ ስዊች ዋጋ ጋር አትወዳደርም። የቀሩት ሰባቱም በየተራ ተጸዱ።

ያንኑ የቅዳሜ ግጥሚያ ለሦስተኛ ጊዜ አጫወተው። ሙቀቱ ሰባዎቹ ውስጥ ቆየ። ፍጥነቱ አልወረደም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ሰው ተሟልቶ ሲገጥም ስልኬን ይዤ ለካሁ። ሜዳው ከሞላ በኋላ እንኳ የጨዋታው ሰዓት ወደ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ተጠግቶ ነበር።

ተጠግቶ ነው ያልኩት፤ ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። የበሩ ዳር ኮምፒውተር ቢጸዳም ያው አሮጌ ነው። የእያንዳንዱ ተጫዋች የሕዝብ ጣሪያ፣ ማለትም ሊኖረው የሚችለው የሰው ብዛት፣ 200 ሲሆን፣ በስምንት ሰው ሜዳው ላይ እስከ 1600 ነፍስ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ትንሽ መጎተት አለ። ጣሪያውን ዝቅ እናድርግ የሚለው ሐሳብ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ትልቅ ጦርነት የሚወዱት፣ "ያለ 200 ምኑን ኢምፓየር ሆነ?" አሉ። ፈጣን ጨዋታ የሚወዱት ደግሞ ጣሪያው ወደ 75 እንዲወርድ ፈለጉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ፤ የዚህ ጨዋታ ውበት ብዛቱ ላይ ነው። ያም ሆኖ ስምንት ሰው ለአንድ ኮምፒውተር ሲል መጎተት የለበትም። በመጨረሻ የተስማሙበት አራት ለአራት ሲሆን 125፣ ሁለት ለሁለት ሲሆን 200 ነው። በአራት ለአራቱ ጠቅላላው 1000፣ በሁለት ለሁለቱ 800 ይሆናል። ሁለት ለሁለት ሲገጥሙ የበሩ ዳር ኮምፒውተር አይሳተፍም።

ሌላም ለውጥ አለ። ስምንቱም ኮምፒውተሮች ከመሬት ተነስተው የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ቤቱ ሲጸዳም መሬቱ ላይ ቀድሞ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ነው የሚጠረገው። ክዳን ከፍቶ ማየት ደግሞ የወር ሥራ ሆኗል። ይህን የሚሠራው ተማሪው ነው። ማዘር በምትኩ የሚጫወትበትን ሰዓት አያስከፍሉትም።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ግን አልተፈታም። ባትሪ ያላቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አምስቱ ወዲያው ይጠፋሉ፤ ግጥሚያውም እዚያው ያበቃል። ማዘር አሁን ብር የሚያጠራቅሙት ለዚህ ነው። የኢንተርኔት ፓኬጁን ወደ ድሮው ዝቅ አስደርገው የሚተርፋቸው ልዩነት በየወሩ እዚያ ላይ ይገባል። የበሩ ዳሩን ኮምፒውተር መቀየር ከባትሪው ቀጥሎ ይመጣል።